ስለ መረብ ኳስ አሠልጣኛችን ዕረፍትና መልስ ሳያገኝ ስለ ቆየው ደብዳቤያቸው

ለትምህርት ቤቱ ሠራተኞች፣ ለተማሪዎችና ለወላጆች፣ ለቀድሞ ተማሪዎቻችን፣ እንዲሁም ለሚያውቋቸው ሁሉ፤

የትምህርት ቤታችን የሰውነት ማጎልመሻ መምህርና የሴት ተማሪዎች የመረብ ኳስ ቡድን አሠልጣኝ የነበሩት፣ ትንሽ ትልቁ «ጋሽ ፊሽካ» እያለ የሚጠራቸው ባልደረባችን፣ ባደረባቸው የልብ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት በተወለዱ በሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። በዚህ ግቢ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርተዋል። ትምህርት ቤቱ በእጅጉ አዝኗል። መምህራን ክፍል ውስጥ፣ ተማሪዎች ሜዳው ዳር፣ ጥበቃዎች በር ላይ አልቅሰዋል።

መግለጫው ለምን እንደዘገየ መግለጽ ይገባል። መግለጫውን እንዲያዘጋጅ የተመረጠው ኮሚቴ ረቡዕ ዕለት አንድ ረቂቅ አዘጋጅቶ ነበር። ረቂቁ «በሙያቸው የተመሰገኑ፣ ታታሪ፣ ለሁሉም አርአያ የሆኑ» የሚል ነበር። እንደ ደንቡም፣ ልብስ ሰፊ ለሆኑት ባለቤታቸው አሳየናቸው። እርሳቸውም መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው ካነበቡ በኋላ፣ «ጽሑፉ ያምራል። ግን ይሄ ሰውዬ ማነው? እኔ ያገባሁት ሌላ ነው» ብለው መልሰውልናል። ስለዚህ የመዝገብ ቤት ኃላፊያችን የሟቹን የግል ማኅደር ከላይኛው መደርደሪያ፣ እንደ ልማዳቸው ያለ መሰላል፣ አውርደው ሰጡን። ከዚህ በታች ያለው ከዚያ ማኅደርና ከቃለ ጉባኤዎች የተወሰደ ነው።

ሥራ በጀመሩበት ዓመት ትምህርት ቤቱ ሜዳ እንጂ መረብ አልነበረውም። የመጀመሪያውን መረብ ባለቤታቸው ከሲባጎ ሠርተውላቸዋል። የቡድኑንም ማሊያ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ እስከ ዘንድሮ የሰፉት እርሳቸው ናቸው። አሠልጣኙ ሰኞ ሰኞ ከሁሉ ቀድመው ገብተው የሜዳውን መስመር በኖራ ያሰምሩ ነበር። ሲያሰምሩ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ጥበቃው ጉዳዩ አሳስቧቸው ቢጠይቋቸው፣ ጥቂት በተራመዱ ቁጥር የአንዲት ተጫዋች ስም እየጠሩ እንደሚጸልዩ ነግረዋቸዋል። መስመሩ የጠመመ ሰኞ አንዷ ልጅ ብዙ ጸሎት አስፈልጓታል ማለት ነው እየተባለ በቡድኑ ውስጥ ይቀለድ ነበር።

«ፊሽካ» የሚለው ቅጽል የወጣላቸው ፊሽካ ስለሚያበዙ አይደለም። ፊሽካቸው ጠፋብኝ እያሉ በየክፍሉ ሲፈልጉ ስለሚውሉ ነው። አብዛኛውን ጊዜ አንገታቸው ላይ ይገኝ ነበር።

በስድስተኛው የአገልግሎት ዓመታቸው፣ በአንድ የግማሽ ፍጻሜ ጨዋታ ላይ በዳኛው ላይ ጮኸው ኳሷን ከአጥር ውጪ ለግተዋል። ይህ በማኅደራቸው ተመዝግቦ ስላለ አንደብቀውም፤ ባለቤታቸውም «ይሄስ እሱ ነው» ብለው አረጋግጠዋል። በማግስቱ በጠዋቱ ሰልፍ ላይ በተማሪው ሁሉ ፊት ወጥተው፣ «ትናንት የጮህኩት እኔ ነኝ፣ ሌላ ሰው አይደለም። አሳፍሬያችኋለሁ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ» ብለዋል። ከትምህርት በኋላም ዳኛው ቤት ድረስ ሄደዋል። ዳኛው ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ እየመጡ ለአዳዲስ ተጫዋቾች ሕጉን ያስተምሩልናል።

ሟቹ ክርስቲያን ነበሩ፤ ይህንንም የማያውቅ አልነበረም። ሆኖም አንዲት ተጫዋች እንድትጸልይ አስገድደው አያውቁም። ሌላ እምነት ያላቸው ልጆች በሚጾሙበት ወቅት የልምምዱን ሰዓት ያዛውሩ፣ ውኃ የያዘውን ባልዲም ከዓይናቸው ዘወር ያደርጉት ነበር። ተሸንፈን ስንመለስ መኪና ውስጥ የሚዘፍኑት እርሳቸው ብቻ ነበሩ። ድምፃቸው ለዘፈን የተፈጠረ እንዳልነበረ መላው ቡድን ይመሰክራል።

በአሥራ ሦስተኛው ዓመት፣ ማለትም ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት፣ ቡድናችን ከአሥራ ሰባት ዓመት በታች በሚደረገው ውድድር የመጀመሪያውንና እስካሁንም ብቸኛውን ዋንጫ አገኘ። የቡድኑ አምበል ጓደኞቿ «ረጅሟ» የሚሏት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ዋንጫው በገባ በሳምንቱ ተጫዋቾቹ አጭር የሕይወት ታሪካቸውን ለግድግዳ ጋዜጣ እንዲጽፉ ተጠየቁ። ረጅሟም እናቷን ለማስታመም ከሰባተኛ ክፍል አቋርጣ ሦስት ዓመት ቤት እንደዋለች ያለ ምንም መደበቅ ጻፈች። አሠልጣኙ ይህን ሲያነቡ ሦስቱን ዓመት ደመሩ። ልጅቷ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ በውድድሩ ቅጽ ላይ ግን አሥራ ስድስት ይላል። ዕድሜውን የቀነሰው የትምህርት ቤቱ ጽሕፈት ቤት ነው፤ ልጅቷ አላወቀችም። አሠልጣኙም ሳያጣሩ ፈርመውበታል።

መጀመሪያ የነገሩት ለልጅቷ ነው። ሜዳው ዳር ባለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው፣ ዋንጫው መመለስ እንዳለበት፣ ጥፋቱ ግን የእርሷ እንዳልሆነ ነገሯት። ባለጉዳይዋ እንዳስታወሰችው የመጨረሻ ቃላቸው፣ «ሜዳልያሽን ላድንልሽ አልችልም። ትምህርትሽን ግን እኔ ቆሜ አይነኩብሽም» የሚል ነበር። ከዚያ ዋንጫውን በጋዜጣ ጠቅልለው ወደ ውድድሩ ጽሕፈት ቤት ይዘውት ሄዱ። ማንንም አላስፈቀዱም።

በሦስተኛው ቀን የተደረገው የአስተዳደር ስብሰባ ቃለ ጉባኤ በእጃችን አለ። ከተሰብሳቢዎቹ አንዱ ነገሩ በዝምታ ሊያልፍ ይችል እንደነበር ሲናገሩ፣ አሠልጣኙ፣ «እሁድ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ማረኝ የምል ሰው፣ ሰኞ በዋንጫው ሥር ቆሜ ፎቶ ልነሣ?» ብለዋል። ቅጹን ማን እንደሞላው ሲጠየቁም፣ «ፊርማው የኔ ነው፣ እኔን ጻፉኝ» ከማለት በቀር የሰው ስም አላነሡም።

ስብሰባው ሁለት ውሳኔ አሳለፈ። አሠልጣኙ የትምህርት ቤቱን ስም በማጉደፍ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ እንዲሰጣቸው፣ ልጅቷም ጉዳዩ እስኪጣራ ከትምህርት ታግዳ እንድትቆይ ተወሰነ። ማጣራቱ መቼ እንደሚያልቅ አልተጻፈም። ሦስት ዓመት ቤት ውላ የተመለሰች ልጅ ዳግመኛ ከወጣች እንደማትመለስ በዚያ ክፍል የተቀመጠ ሁሉ ያውቅ ነበር። እኛ ስለ ስማችን ተጨነቅን። ስለ እርሷ የተጨነቁት አንድ ሰው ብቻ ነበሩ።

አሠልጣኙ በማግስቱ ጠዋት በሁለት ሰዓት ርእሰ መምህሩ በር ላይ ተገኙ። እንደዚሁ አሥር ጠዋት ተመላለሱ። አሁን በጡረታ ላይ የሚገኙት የዚያን ጊዜው ርእሰ መምህር ይህ እንዲጻፍ ፈቅደው የሚከተለውን ቃል ሰጥተውናል፦ «ተቆጥተው ቢመጡ እኮ አባርሬ እገላገላቸው ነበር። እንደምን አደሩ ይሉኛል፣ ልጆቼን አንድ በአንድ ይጠይቁኛል፣ ከዚያ ቀስ ብለው ‹ልጅቷስ?› ይላሉ። አንድ ቀን ምን ያመላልስዎታል ብላቸው፣ ‹ጠዋት ስለ እሷ ጸልዬ ነው የወጣሁት። ለእግዚአብሔር ነግሬ ለእርስዎ ሳልነግር ብቀር ነውር ነው› አሉኝ። ምን ይባላል? በአሥራ አንደኛው ቀን ምክንያት አለቀብኝ፣ ልጅቷ ትግባ አልኩ።»

በእነዚያ አሥር ቀናት ከሰዓት በኋላ የክፍል ጓደኞቿን ደብተር እየሰበሰቡ ቤቷ ድረስ ይወስዱላት እንደነበር ቤተሰቧ ነግሮናል። ስለዚህም ስትመለስ ከክፍሉ ወደ ኋላ አልቀረችም።

የውድድሩ ጽሕፈት ቤት አሠልጣኙን ለሁለት ዓመት ከማሠልጠን አገዳቸው። ቅጣቱን ቃል በቃል አከበሩት። መምህርነታቸውን ቀጠሉ፤ ሰኞ መስመሩን አሰመሩ፤ ልምምድ ሲጀመር ግን ከመስመሩ ወጥተው ቆሙ። ኳስ ወደ እርሳቸው ስትሄድ አንሥተው ይመልሳሉ እንጂ አንድ ቃል አይተነፍሱም ነበር። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ቡድናችን አንድም ጨዋታ አላሸነፈም። በዋንጫ መደርደሪያችን መካከል ያለው ባዶ ቦታም የዚያ ዋንጫ ነው። በተለያዩ ጊዜያት የአበባ ማስቀመጫ ልናደርግበት ሞክረን ነበር፤ ሟቹ በትሕትና እያነሡ መስኮቱ ላይ ያስቀምጡት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት ከሁለት መቶ በላይ ልጆች በእጃቸው አልፈዋል። ዋንጫ አላመጡም፤ ሦስት ጊዜ ለፍጻሜ ደርሰው ሦስት ጊዜ ተሸንፈዋል። ነገር ግን ከቡድናቸው ትምህርቷን አቋርጣ የቀረች አንዲትም ልጅ የለችም። ይህን ቁጥር የመዝገብ ቤት ኃላፊያችን ሁለት ጊዜ አጣርተውታል። ኃላፊዋ የአንዲት ተጫዋች የልደት ማስረጃ በዓይናቸው ካላዩ የውድድር ቅጽ ላይ ማኅተም የማያሳርፉ፣ በዚህም ወላጆችን ሲያማርሩ የኖሩ ሰው ስለሆኑ ቁጥሩን ለመጠራጠር ምክንያት የለንም።

ማኅደሩ ሲገለጥ ከማስጠንቀቂያው ጀርባ አንድ ወረቀት ተገኝቷል። ማስጠንቀቂያውን በተቀበሉ ዕለት አሠልጣኙ በእጃቸው የጻፉት ነው። ሙሉ ቃሉ እንዲህ ይላል፦ «ለርእሰ መምህሩ። ማስጠንቀቂያው ደርሶኛል፣ ፈርሜ ተቀብያለሁ። ልጅቷ ግን መቼ ክፍል ትገባለች? ከሰላምታ ጋር።» ገቢ ተደርጎ ቁጥር ተሰጥቶታል። በቀይ እስክሪብቶ «መልስ ይሰጥ» ተብሎ ተመርቶበታል። መልስ አልተሰጠውም።

የትምህርት ቤቱ አስተዳደር ትናንት ተሰብስቦ የዚያን ጊዜውን ማስጠንቀቂያ ሽሯል። ስሕተቱ የእኛ ነበር፤ ይህን በሕይወት እያሉ ልንላቸው ይገባ ነበር፣ አላልናቸውም። የነገው የቅዳሜ ጨዋታ በባለቤታቸው ጥያቄ አይተላለፍም። «ልጆቹ ስንት ወር ለፍተው? ይጫወቱ እንጂ! ማሊያውን እኮ ተኩሼ ጨርሻለሁ» ብለዋል። ሰኞ ጠዋት መስመሩን አሥራ ሁለቱ ተጫዋቾች በየተራ ያሰምራሉ፤ የምትጸልይ ትጸልያለች፣ የማትጸልይ የጓደኛዋን ስም ትጠራለች። መስመሩ ጠማማ ቢሆን ማንም እንዳይቆጣቸው ከወዲሁ እናሳስባለን።

ለባለቤታቸው፣ ለሁለት ልጆቻቸው፣ ለወንድሞቻቸው፣ በአንድ መምህራን ክፍል አብረዋቸው ላረጁ ባልደረቦቻቸውና በእጃቸው ላለፉ ተጫዋቾች ሁሉ እግዚአብሔር ብርታቱን ይስጥልን። እርሳቸውም አምነው ወደጠበቁት ጌታ መሄዳቸውን እያሰብን እንጽናናለን። የሚከተለው ደብዳቤ ዛሬ ወጪ ሆኖ አንዱ ቅጂ ለቤተሰባቸው ተሰጥቷል፣ ሌላው በባዶው የዋንጫ ቦታ ተቀምጧል።

ለአሠልጣኛችን
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ለደብዳቤዎ መልስ መስጠትን ይመለከታል

ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት በጻፉልን ደብዳቤ ልጅቷ መቼ ክፍል እንደምትገባ ጠይቀውን ነበር። መልሱ በመዘግየቱ ይቅርታ እንጠይቃለን። ልጅቷ በአሥራ አንደኛው ቀን ክፍል ገብታለች። አሥረኛን አልፋለች፣ አሥራ ሁለተኛን ጨርሳለች፣ ከዚያም በላይ ተምራለች። ዛሬም ጠዋት በሁለት ሰዓት ግቢያችን ገብታለች። ይህን ደብዳቤ ጽፋ፣ ቁጥር ሰጥታ፣ ማኅተም ያሳረፈችበት የመዝገብ ቤት ኃላፊያችን እርሷ ናት።

ከሰላምታ ጋር