አባትሽ ቀይ ሥር በላ

ልጄ፣ የሄድሽበት ሁሉ ይቅናሽ፤ ጤናሽን ያብዛልሽ። እኛ ደህና ነን፤ የኩሽናው ጣሪያም ተጠግኗል።

የልጅሽ ክብደት ቀንሶ ሐሳብ ገብቶኝ ነበር። ሐኪሙ አትክልት ትብላ ስላለን ቀይ ሥር ቀቅዬ አቀረብኩ። ሳህኑን ወደ አያቷ ገፍታ፣ "አባባም አይበላም!" አለችኝ። እውነቷን ነው፤ አባትሽ ዕድሜውን ሙሉ ቀምሶት አያውቅም። አንቺም እሱን አይተሽ ነው የጠላሽው። ያን ቀን ግን አባትሽ ዓይኑን ጨፍኖ ጎረሰ።

"አባባ፣ ከንፈርህ ቀላ!" ብላ ሳቀች። ከዚያ፣ "የኔም ይቅላ" ብላ በላች።

ክብደቷ ተመልሷል። እሱም አሁን፣ "ዛሬ ቀይ ሥር የለም እንዴ?" ይለኛል። ኮራሁበት፣ ልጄ።

አደራ፣ አንቺም እዚያ እየቀቀልሽ ልመጂው፤ ስትመጪ ልጅሽ የምታየው ያንቺን አፍ ነው። በሰላም መልሶ በአንድ ገበታ ያሰብስበን።

እናትሽ