«እኔ ምን አገባኝ» የምትል እቴጌ

ሰኞ፣ ጥር 6

ዛሬ ከምሳ በፊት አንድ ጠቅላይ ግዛት አፈረስኩ። ከምሳ በኋላ መልሼ ሠራሁት። ወንዙን የት እንዳስቀመጥኩት ረስቼ ዋና ከተማውን መሃል ውሃ ላይ ቆርቁሬው ነበር… ነዋሪው ሁሉ ዓሣ ሊሆን!

እንጀራዬ ይሄው ነው። የኮምፒውተር ጨዋታ የሚሠራ ቢሮ ውስጥ ቁጭ ብዬ ያልነበረ መንግሥት እፈጥራለሁ። ስሙ ሰባት በር። ከድሮዎቹ ታላላቅ መንግሥታት ያልዘረፍኩት ነገር የለም። ከአንዱ መንገዱን፣ ከአንዱ ፈረሰኛ መልእክተኛውን፣ ከሌላው ቀረጡን… ከአንዱ ደግሞ መጋረጃ ጀርባ ተቀምጣ የምታስተዳድር እቴጌ። «ሕፃኗ ንግሥት እስክታድግ» ተብሎ ተቀመጠች። ንግሥቲቱ አድጋ፣ ለአቅመ ሔዋን ደርሳ፣ እሷ አሁንም ንቅንቅ የለም።

ቤት ስገባ አክስቴ ከዚያ ከወንበሯ ላይ ሆና፦ «ዛሬስ ምን ስትጫወቺ ዋልሽ?»

«ሥራ ነው አክስቴ።»

«እኔ ምን አገባኝ… ብቻ፣ ሰው ተጫውቶ ደሞዝ ሲበላ በዕድሜዬ አላየሁም።»

እሺ። ይመዝገብልኝ።

ረቡዕ፣ ጥር 8

እቴጌዋ አፍ አልነበራትም። ከሰሞኑ አፍ አገኘች። የማንን እንደሆነ ለዚህ ወረቀት ብቻ እነግረዋለሁ፦ የአክስቴን።

እናቴ ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችኝ አክስቴ ናት። ቤቱን የምትገዛው ከመስኮቱ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ነው። ከዚያ ሆና ወጥ ቤቱም፣ በሩም፣ መንገዱም ይታያታል። ማንም አይቀመጥበትም። አንድ ጊዜ የቧንቧ ሠራተኛው ሳያውቅ ቁጭ ቢልበት፣ ምንም አላለችውም… ፊቱ ቆማ ጠበቀችው። ሰውዬው መፍቻውን ረስቶ ነው የሄደው።

እና ሰባት በር ውስጥ እቴጌዋ «እኔ ምን አገባኝ» ስትል ሹማምንቱ ፊታቸው አመድ ይመስላል። ምክንያቱም «ብቻ» ትከተላለች። ከ«ብቻ» በኋላ የመጣው ነገር ሁሉ ሕግ ነው።

ዝምተኛው አነበበውና ሳቀ። የጻፍኩትን ዓለም ወደ ኮምፒውተር ትእዛዝ የሚቀይረው ልጅ ነው፤ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም። «ይቺን ሴትዮ አውቃታለሁ» አለ።

ደነገጥኩ። «የት?»

«እናቴ ናት።»

ተመስገን!

ወጣቷን ንግሥት ደግሞ ቆንጆ፣ ታጋሽ፣ ግፍ የተፈጸመባት አድርጌ ጽፌያታለሁ። ከየት እንዳመጣኋት አላውቅም… ሆሆ።

ሐሙስ፣ ጥር 9

አክስቴ ስለ ጫማዬ አቀማመጥ ተናገረች። ነገ የቤተ መንግሥት ሕግ ይሆናል።

ሰኞ፣ ጥር 13

አለቃችን መጣ። በሆዴ ጎራዴ ነው የምለው፤ ከጦርነት ሌላ ወሬ የለውም።

«ሰዉ የሚፈልገው መዋጋት ነው» አለ። «አሮጊት መጋረጃ ውስጥ ሆና ስትነጫነጭ ማን ቁጭ ብሎ ያያል? እቴጌዋ ትውጣ።»

«እቴጌዋ ከወጣች መንግሥቱ ምን ቀረው?»

«ጦር ሜዳው!»

ተከራከርን። ሠዓሊዋም አገዘችኝ። (እቴጌዋን እስካሁን አልሳለቻትም፤ መጋረጃውን ብቻ ነው የሳለችው። ለጊዜው ይበቃል ተብሎ።) በመጨረሻ ጎራዴ ፈረደ፦ ዓርብ ሙከራ ይደረጋል። እያንዳንዳችን ጨዋታ ነክቶ የማያውቅ አንድ ዘመድ እናመጣለን። እንግዶቹ ቤተ መንግሥቱን ጥለው ወደ ጦር ሜዳው ከነጎዱ እቴጌዋ ከነመጋረጃዋ ትሰረዛለች። እዚያው ከቆዩ ትኖራለች።

ስንት ወር የለፋሁባት ሴትዮ…

ማንን ልውሰድ? የአጎቴ ልጅ ከከተማ ወጥቷል። ጎረቤታችን ጨዋታ ሱሷ ነው፤ አትሆንም። የሚቀረው… አይሆንም። ኧረ አይሆንም! ራሷን ካየችስ?

ረቡዕ፣ ጥር 15

በስልክ ሳወራ ሰምታኝ ኖሯል።

«እኔ ምን አገባኝ» አለች ሻዩን እያማሰለች። «ብቻ፣ ለዓርብ ሰማያዊ ቀሚሴ ካውያ ይፈልጋል።»

አለቀልኝ።

ሐሙስ፣ ጥር 16

ጉድ ፈላ!

ከቤተ መንግሥቱ ሕጎች አንዷን እንዲህ ብዬ ነበር የጻፍኩት፦ «ማንም ሰው ለእቴጌዋ ጀርባውን አይሰጥም።» ደስ የምትል ሕግ። ከእልፍኟ ሲወጡ ወደ ኋላ እየተራመዱ እንዲወጡ ነው ያሰብኩት። ግን የእልፍኙን በር አልጠቀስኩማ! ዝምተኛው ደግሞ የተጻፈውን ነው የሚሠራው።

ዛሬ ማታ ልንወጣ ስንል ከፈትነው። የሰባት በር ሕዝብ፣ ካለበት ቦታ ሁሉ፣ ፊቱን ወደ ቤተ መንግሥቱ አዙሯል። ነጋዴው ወደ ኋላ እየሄደ ገበያ ይገባል። ሙሽራው ሙሽሪትን አያያትም። ድንበር ላይማ… ሠራዊቱ በሙሉ ጀርባውን ለጠላት ሰጥቶ፣ በታላቅ አክብሮት ወደ እቴጌዋ አቅጣጫ ቆሞ ከኋላው ይወጋል።

«ምን ነካህ?» አልኩት።

«እንዲህ ብለሽ ጻፍሽ።»

እውነቱን ነው።

«ለነገ ጠዋት ተስተካክሎ ይደርሳል?»

«ከምሳ ሰዓት በፊት አይሆንም» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ጎራዴ ወጥቶ ሄዷል። ልደውልለት ስልኬን አነሣሁ… ጀርባቸውን ለጠላት የሰጡትን ወታደሮች አሰብኩ… ስልኬን አስቀመጥኩት። ምን አገባኝ? ኧረ በስማም፣ ጀመረኝ እኔንም!

ዓርብ፣ ጥር 17

ከየት ልጀምር።

አክስቴ ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ ቢሮአችንን እንደ ተቆጣጣሪ ዞረችው። ዝምተኛውን «ልጄ፣ አንገትህን ቀና አድርግ፤ ትጎብጣለህ» አለችው። እስከ ማታ ቀጥ እንዳለ ዋለ።

ጎራዴ አማቱን ነው ያመጣው፤ የሚስቱን አባት። በጣም እንደሚፈራቸው ያወቅነው ዛሬ ነው። «እዚህ ይጫኑ አባባ… ጦር ሜዳው በዚህ በኩል ነው አባባ…» አባባ ጦር ሜዳ ሄዱ። ጠላት መጣ። ሠራዊታቸው ዞሮ ቆሟል። ወታደሮቹ በአንድ አፍታ አለቁ።

«ይሄ ምን ዓይነት ጦር ነው?» ብለው ጮኹ። «ማነው ኃላፊው? አቤቱታ የሚቀርበው የት ነው?»

የት ይሆናል? ቤተ መንግሥት! ሌሎቹም እንግዶች እንደዚያው። ሁሉም ተሸንፈው፣ ተናደው፣ እቴጌዋ ደጃፍ ተሰለፉ። ጎራዴ አየኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

ከዚያ አባባና አክስቴ በወረፋ ተጣሉ። ልብ በሉ፣ በእውነት አይደለም፤ ጨዋታው ውስጥ ባለው ወረፋ! ግን የሚጨቃጨቁት በእውነተኛ አፋቸው ነው።

«እመቤት፣ እኔ ነኝ የቀደምኩት።»

«የቀደመ ሰው ወረፋውን ጥሎ ጦር ሜዳ አይሄድም።»

ጎራዴ ግን እጅ አልሰጠም። በምሳ ሰዓት ዝምተኛውን አስቀምጦ ሕጉን አስቀየረው፤ አሁን በእልፍኙ ውስጥ ብቻ ነው የሚሠራው። አማቱን እንደገና ላካቸው። ወታደሮቹ ወደ ጠላት ዞረዋል። አባባ አሸነፉ። ጎራዴ አጨበጨበ። አባባ ግን መነጽራቸውን እያስተካከሉ፦ «በል አሁን ወደዚያች ሴትዮ መልሰኝ። ገና ነገሬን አልጨረስኩም።»

ልስማቸው ምንም አልቀረኝ፣ አባባን!

አክስቴ ግን… እቴጌዋ ፊት ቀረበች። ከመጋረጃው ጀርባ ድምፅ መጣ፦ «እኔ ምን አገባኝ… ብቻ…» ወንበሬ ውስጥ ሟሟሁ።

አክስቴ ወደ ሠዓሊዋ ዞር ብላ፦ «ምን ያለች ጣልቃ ገብ ናት በይ! ደግሞ ይሄ መጋረጃ ከተሰቀለ ታጥቦ ያውቃል?»

ራሷን አላወቀችም! ሳቄን ለመዋጥ ጠረጴዛ ሥር ገባሁ፤ እስክሪብቶ የወደቀብኝ መስዬ። ሁለቱ አክስቶቼ ተፋጠጡ። አንዷ ስትናገር አንዷ ትመልሳለች። ሥራ የያዘ ሁሉ ሥራውን ጥሎ ከኋላዋ ቆመ።

ከዚያ አክስቴ፣ በጨዋታው ደንብ፣ መሄጃ የሌላት እንግዳ መሆኗን ተናገረች። እቴጌዋም መለሰች፦ «ወንበሩን ሳቢና ተቀመጪ። ከዛሬ ጀምሮ የማንንም ፈቃድ አትጠይቂም።»

ረስቼዋለሁ እሱን መጻፌን። እናቴ የሞተች ሰሞን ሻንጣዬን ይዤ በር ላይ ስገተር አክስቴ ያለችኝ ቃል ነው። ሌላ ማንም አያውቀውም።

እጇ ማውሱ ላይ ቆመ። ማያ ገጹን አየችው። ከዚያ «ቦርሳዬን አቀብይኝ» አለች።

አውቶቡስ ውስጥ እስከ ቤት ድረስ በመስኮት ውጭ ውጭውን ነበር የምታየው።

ቅዳሜ፣ ጥር 18

ጎራዴ ደወለ። እቴጌዋ ትኖራለች። አማቱ በጠዋት ደውለው «ወረፋዬ እንዳይነካ» ብለውታል።

በደስታ መዝለል ነበረብኝ። አልዘለልኩም።

አክስቴ አልተናገረችኝም። ጫማዬን በር ላይ አዝረክርኬ ጣልኩት… ምንም። የጠዋቱን ሻይ ሳልጨርስ ተነሣሁ… ምንም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። የሰው ገመና ለጨዋታ! ምን አስቤ ነው?

እሑድ፣ ጥር 19

ልብስ ስናጥፍ ድንገት፦ «ያቺ ልጅ አድጋለች አይደል? ንግሥቲቱ።»

«አድጋለች።»

«ታዲያ ሴትዮዋ ለምን አትነሣላትም?»

አንሶላው ላይ አፈጠጥኩ። «መግዛት ስለምትወድ…»

አመለጠኝ! ምላሴን በቆረጠው።

አክስቴ አንሶላውን ከእጄ ወስዳ እንደገና አጠፈችው። እኔ ያጠፍኩት ጠማማ ነበር።

«መግዛት» አለች። «እኔ ምን አገባኝ… ብቻ፣ ልጅቷ አንድ ቀን ‹አረፍ በዪ› ብላታለች?»

ያቺ ቆንጆ፣ ታጋሽ፣ ግፍ የተፈጸመባት ንግሥት… እውነትም አላለቻትም። ሳህን እንኳን አጥባ አታውቅም።

አፈርኩ። ከልቤ አፈርኩ።

ረቡዕ፣ ጥር 22

ወጣቷን ንግሥት ቀየርኳት። ቁንጅናዋን በጥቂቱ ቀነስኩ፤ ስንፍናዋን ጨመርኩ። ዝምተኛው አንብቦ «አሁን እውነት መሰለች» አለ። ማንም አልጠየቀህም!

አንድ ነገር ደግሞ ጨመርኩ። ተጫዋቹ ከፈለገ ለእቴጌዋ «እመቤቴ፣ አሁን ይረፉ» ማለት ይችላል። ያን ያለ ሰው መጋረጃው ይገለጥለታል። ሌላ ምንም ነገር አይከፍተውም፤ ጦርም፣ ጉቦም።

«ከጀርባው ማን አለች ታዲያ?» አለች ሠዓሊዋ። «ፊት ስጪኝ።»

ዓርብ፣ የካቲት 1

ፊቱ በራሱ እግር መጣ። ትናንት ለአክስቴ አፌ አምልጦኝ ስለ መጋረጃው ነግሬያት ነበር፤ ዛሬ በሰማያዊ ቀሚሷ ቢሮ ከች አለች። ሠዓሊዋ ፊት ተቀምጣ አገጯን ቀና አደረገች።

«እኔ ምን አገባኝ፣ ብቻ፣ ሽበቴን እንዳትደብቂው። ከወንበሬ አጠገብ ደግሞ ትንሽዬ ወንበር ሳዪ።»

«ለማን?» አለች ሠዓሊዋ።

«ለልጅቷ ነዋ! ብቻዋን መሰለሽ እንዴ እዚያ መጋረጃ ውስጥ የኖረችው?»

ውሃ ልጠጣ ብዬ ወጣሁ። ውሃ አልጠማኝም ነበር።

እሑድ፣ የካቲት 10

ምሳ በላን። አክስቴ ተነሥታ ሳህኖቹን መሰብሰብ ጀመረች። ቃሉ ሳምንቱን ሙሉ አፌ ላይ ነበር… ለኮምፒውተር እቴጌ መጻፍ ቀላል ነው።

«አክስቴ… አረፍ በዪ። ዛሬ እኔ አለሁ።»

ሳህኖቹን እንደያዘች አየችኝ። እያሾፍኩ መሆኑን ነው የምትመረምረው። ልፈርድባት አልችልም፤ ታውቀኛለች። ከዚያ አንድ በአንድ አቀበለችኝ።

«እኔ ምን አገባኝ» አለች።

«ብቻ»ን ጠበቅኩ።

አልመጣችም። ሄዳ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች።

አጠብኩ። አደረቅኩ። ከዚያ አመሌ አይለቀኝም፣ ትልቁን ሳህን ሆን ብዬ የብርጭቆዎቹ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት። ከዚያ ወንበር ላይ ሆና ይታያታል። በእኔ ዕድሜ ማንም እንደዚህ ያለ ነገር አድርጎ በሰላም አልወጣም። ቆሜ ጠበቅኩ።

ዝም።

ብቅ ብዬ አየሁ። አንገቷን ወደ መስኮቱ ዘንበል አድርጋ እንቅልፍ ወስዷታል።

ሳህኑን ድምፅ ሳላሰማ አነሣሁና ቦታው መለስኩት።