ለወንድሜ ያስተማርኩት

አሰላ፣ ኅዳር 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እናቴ፣

እንደምን ከርመዋል? የአቦምሳ ሙቀት ጉልበትዎን አሻለልዎት ወይ? እኛ ጋ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ገብሱ ግን ታጭዷል። ወንድሜ የኋላሸትም አካሉ ደህና ነው። በስልክ ልነግርዎ ብዬ አፌ አልታዘዝ ስላለኝ ነው የምጽፈው።

ስለ ፈረሱ የሰሙት እውነት ነው። ማክሰኞ ጠዋት ዳማን ከጋሪው ፈትቼ ሳስር የኋላሸት መጥረቢያ ይዞ መጣና ግንባሩን ፈለጠው። ከወደቀም በኋላ አልተወውም። ጎረቤታችን ቱሳና እኔ ተጋግዘን ስንይዘው አንገቱን ቆርጦ ሊጨርስ ምንም አልቀረውም። ከውርንጭላነቱ ባሳደገው ፈረስ ላይ ምን አስጨከነው ይሉኝ ይሆናል።

የኋላሸት ራሱን ተመትቶ ስሙን እንኳ የረሳ ጊዜ ሐኪሟ አንድ ነገር ነግራኝ ነበር። ትዝታ የሚያዝበት የአንጎል ክፍል አዳዲስ ሴሎች ያበቅላል፤ በአይጥ ታይቷል፣ በሰው ግን ሊቃውንቱ ገና ይከራከራሉ፤ ብቻ የበቀለው ካልሠራ ይሞታልና በእግር አስኪደው፣ በየቀኑም አዲስ ነገር አስተምረው አለችኝ። ስምንት ወር በጭላሎ መንገድ እያስኬድኩ የሰው ስም፣ የእርስዎን መልክ፣ ፊደል ሳይቀር አስተማርኩት። እየያዘ ሲመጣ ደስ አለኝ፤ ፈራሁም። የድሮው ትዝታ አብሮ ቢነቃስ? ስለዚህ የረገጠህ ዳማ ነው አልኩት፤ ለእርስዎም ያንኑ ነበር የነገርኩዎ። በየጠዋቱ እንደ ዳዊት አስደገምኩት። ጎበዝ ተማሪ ወጣው።

እማዬ፣ ዳማ እግሩን አላነሳም። የኋላሸት የተጎዳ ዕለት ፈረሱንና ጋሪውን እንሽጥ አልኩ፤ እሱ እምቢ ብሎ ልጓሙን ያዘና ጀርባውን ሰጠኝ። እኔ በጣም ተናድጄ ነበር፤ ዱላም ይዤ ነበር። ከዚህ ወዲያ እጄ አይጽፍም።

የዳማን ሬሳ ጎትተን ለጅብ ከጣልነው ጀምሮ የኋላሸት ያለቅሳል፤ ለምን እንደሚያለቅስ ግን አያውቅም። ትናንት እጄን ስሞ፣ አንተ ባትነግረኝ ጠላቴን በቤቴ እየቀለብኩ እኖር ነበር አለኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እነግረዋለሁ። ቱሳ አብሮን እንዲውል ልለምነው አስቤ ተውኩት። ክፉ ወሬ ከደረሰዎ ይህን ደብዳቤ ለፖሊስ ያሳዩልኝ። የኋላሸት ላይ አይፍረዱበት፤ እሱ የሚያውቀው እኔ ያስተማርኩትን ብቻ ነው።

ዕድሜዎን ያርዝመው፤ ጸሎትዎ ለሁለታችንም ይሁን።

የበኩር ልጅዎ