የግራ ጫማዬን በክብር ላስቀበሩልኝ ሹም

ታኅሣሥ ፫ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

ለክቡር ግራዝማች ይሁኔ፣
የግራር አፋፍ ምክትል ወረዳ ገዥ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ ጉልበትዎ እንደ ጉና ተራራ ይጽና፣ ማዕድዎ አይጉደል፣ ፍርድዎም እንደ እስካሁኑ ለአገሩ ሁሉ መነጋገሪያ ከመሆን አይጉደል። የእኔን ጤንነት የጠየቁ እንደሆነ፣ ክቡርነትዎ በማኅተም ካስታወቁት መሞቴ በቀር ምንም የጎደለኝ ነገር የለም።

ምናልባት ሟቾች በዝተው ተምታተውብዎት እንደሆነ፣ እኔ የወይዘሮ ጌጤ ልጅ ሐረገ ወይን፣ አዲስ አበባ ለመምህርነት ኮሌጅ የምማረው፣ ባለፈው መስከረም ከክረምት ዕረፍት ስመለስ ጠፋች የተባልኩት ነኝ። ይህን ደብዳቤ በግልጽ የጻፍኩት ለብቻዎ የላክሁት የመጀመሪያው ምን እንደገጠመው ስለማውቅ ነው፤ ስለዚህ አንዱ ቅጂ ለክቡርነትዎ ሲደርስ ሌላው ቅዳሜ ገበያ ላይ ይነበባል።

የጠፋሁት እንዲህ ነው። ወንዙን ስሻገር የከተማ ጫማዬ ተረከዙ ተገነጠለና ከድንጋይ ድንጋይ ተንሸራትቼ ቅልጥሜ ተሰበረ። ከፊቴ የነበሩት መንገደኞች ወደ ቤቴ የተመለስኩ መስሏቸው ሄዱ። ከኋላ የደረሱ ሁለት የእስቴ ገበሬዎች ግን በቃሬዛ ተሸክመው በአገራቸው ስመ ጥር ወደሆኑት ወጌሻ ወደ አያ ላቀው ቤት ወሰዱኝ። አያ ላቀው አጥንቴን ገጥመው በቀርቀሃ ካሰሩ በኋላ፣ «አርባ ቀን ሳይሞላ ከዚህ መደብ ብትወርጂ ሌላኛውን እግርሽን እኔው እሰብረዋለሁ» አሉኝ። እኔም በዚያው ሳምንት፣ እናቴ ፊደል ስላልቆጠረች፣ «እግሬ ተሰብሮ እስቴ ነኝ፤ ለእናቴ ይንገሩልኝ፤ በቅሎዋንም ይላኩልኝ» ስል ለክቡርነትዎ ጻፍኩ። ቅሬታዬ፣ ወይም ምስጋናዬ፣ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

አንደኛ፣ ጸሐፊዎ አቶ ታፈረ ደብዳቤዬን ከዋርካው ሥር ሲያነቡልዎ ሽማግሌዎቹን ሰብስበው ስላስመረመሩልኝ አመሰግናለሁ። እግሩ የተሰበረ ሰው እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ይህ ጽሕፈት ግን ቀጥ ያለ ነው፣ ደግሞም የሴት ጽሕፈት እንዲህ አያምርም ተብሎ፣ በቅሎ ለመስረቅ የፈለገ ሽፍታ የጻፈው መሆኑ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ለእናቴም እግሬ ተሰብሯል የሚል የሽፍታ ደብዳቤ መምጣቱ እንጂ ከየት እንደተጻፈ አልተነገራትም፤ በቅሎዋም ከሽፍታው እንድትተርፍ እርስዎ ግቢ ታሰረች፤ በዚያን ጊዜ ሁሉ እርስዎን ተሸክማ ገበያ ስትወጣና ስትገባ መክረሟ ደኅንነቷን አስጠብቋል።

ሁለተኛ፣ መሪጌታ ወልደ ሰንበት፣ ቀለም የበዛባት ሴት መጨረሻዋ ምናኔ ነውና ወንድ መስላ በድጓ ትምህርቱ ወደታወቀው ደብር ወደ ቤተ ልሔም ገብታለች ብለው ሲናገሩ፣ ክቡርነትዎ ሰው ልከው ጢም ያላወጡትን የቆሎ ተማሪዎች በሰልፍ አስቁመው አገጫቸውን ማስዳበስዎን ሰምቻለሁ። ከመካከላቸው ድምፁ የቀጠነው አንዱ ሐረገ ወይን አለመሆኑን እስኪያስረዳ ሦስት ቀን ከትምህርቱ ተስተጓጉሏል። እግዜር ይስጥልኝ፤ እኔም ለጊዜው እንዲያ ባለ ድምፅ መጠርጠሬ አኩርቶኛል።

ሦስተኛ፣ ጓዴ የሚባለው ነጋዴ፣ ካርታ የሚያነሡት ፈረንጆች በሄሊኮፕተር ሲያልፉ ከሄሊኮፕተሩ ሥር ነጭ ነጠላ ተንጠልጥሎ ሲውለበለብ በዓይኔ አይቻለሁ አለ። ያየው ሳቢሳ የሚባለውን ነጭ ወፍ መሆኑን ሚስቱ ብትናገርም፣ ሴት በመሆኗ ቃሏ ለመዝገብ አልበቃም። ስለዚህ ለአንድ ሳምንት ያህል እንደ ነቢዩ ኤልያስ ያረግሁ ሆኜ ቆየሁ። ከደረሱብኝ ሞቶች ሁሉ የወደድኩት ይህንን ነው።

አራተኛውና የመጨረሻው የክቡርነትዎ የራስዎ ነው። የግራ ጫማዬ ከወንዙ ዳር ሲገኝ፣ አዞ በልቷታል ብለው ፈረዱ። በዚያ ብርድ አገር ከአባቶቻችን ጀምሮ አዞ ታይቶ አያውቅም የሚል አንድ ገበሬ ቢነሣ፣ «ያልታየውስ ተደብቆ ስለሚበላ አይደለም ወይ?» ብለው አፉን አስያዙት። ሬሳ ስላልነበረ ጫማዬ ተገንዞ፣ ጸሎት ደርሶለት፣ ተቀበረ። እናቴ ብቻ «እኔ የወለድኩት ጫማ አይደለም፤ ልጄን ፈልጉልኝ» ብላ ብትጮህ፣ ሐዘን አዋኪ ተብላ ከቀብሩ ወጣች።

እዚህ ላይ ቀልዴን ላንድ አፍታ ልተወው። እስቴ የአንድ ቀን መንገድ ነው። እኔ መደብ ላይ ሆኜ እናቴ ዛሬ ትመጣለች፣ ነገ ትመጣለች ስል፣ እሷ ከገበያ ገበያ እየዞረች መንገደኛውን ሁሉ ልጄን አይታችኋል ወይ ስትል ከርማለች። ከእነዚያ ሁሉ ሊቃውንት መካከል አንዱ እስቴ ወርዶ አያ ላቀውን ቢጠይቅ ኖሮ፣ እናቴ ፀጉሯን ባልተላጨች።

በሰባተኛው ሳምንት አያ ላቀው በራሳቸው አህያ አስጭነው ሸኙኝ። በከዘራ እያነከስኩ ደጃችን ስደርስ የተዝካሬ ዳስ ተጥሎ፣ ሕዝቡ ጠላ ይዞ፣ ክቡርነትዎ ከመሪጌታ ጎን የበሬውን ሻኛ ይዘው ተቀምጠዋል። የተናገርነውን ለታሪክ ልጻፈው።

«ማን ነሽ?» አሉኝ።

«ሐረገ ወይን ነኝ» አልኩ።

ጥቂት አሰቡና፣ «እሷማ ሞታለች፤ ነፍስ ይማር በዪና ቁጭ ብለሽ ብዪላት» አሉኝ።

ርቦኝ ስለነበር ታዘዝኩ። እናቴ ከጓዳ ስትወጣ ድንገት አየችኝና የያዘችውን እንስራ ጣለችው። ፊቴን አልነካችም፤ ከመሬቱ ተቀምጣ እግሬን ከቁርጭምጭሚቴ ጀምራ ዳበሰች፣ አጥንቱ የገጠመበት እብጠት ላይ ስትደርስ፣ «ያ ደብዳቤ ያንቺ ነበር» አለች።

በማግስቱ ለኮሌጄ የሕመም ማስረጃ ልጠይቅ ቢሮዎ ብመጣ፣ መዝገቡ መዘጋቱን፣ በሕይወት ስለመኖሬም ሦስት ምስክር እንደሚያሻኝ አስረዱኝ። ምስክሮቼ ግን ሁሉም ጫማዬ ላይ አፈር የመለሱ ናቸውና፣ በገዛ እጃችን ቀብረን በሐሰት አንምልም አሉ። በመጨረሻ ክቡርነትዎ ራርተው እንዲህ የሚል ማስረጃ አጻፉልኝ፦ «ሟቿ ተማሪ በመሞታቸው ምክንያት ትምህርታቸውን በጊዜው ያልጀመሩ ስለሆነ፣ በትዕግሥት እንዲቀበሏቸው እናሳስባለን።»

የኮሌጁ ዲሬክተር ይህን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ቀጥለውም መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ተማሪ የሚዘገይበትን ምክንያት ሁሉ የሰማሁ ይመስለኝ ነበር፤ በይ ግቢ» አሉኝ። ገባሁም። ስለዚህ ከአገሩ ሁሉ ሟችን ኮሌጅ የሚያስገባ ማስረጃ መስጠት የሚችል ሹም አንድ እርስዎ ብቻ መሆንዎን እመሰክራለሁ፤ ምንም እንኳ የሟች ምስክርነት ባይቆጠርም።

ከማይጠፋ አክብሮት፣ ከማይረሳ ውለታና በደንብ ከተገጠመ አንድ ቅልጥም ጋር፣
በክቡርነትዎ ፈቃድ ያረፈችው፣
ሐረገ ወይን ፈንታው

ማሳሰቢያ፦ በሰኔ ስመረቅ የምመደብበትን አገር እንድመርጥ ተጠይቄ ግራር አፋፍን መርጫለሁ። ከሰዓት በኋላ አዋቂዎችን ፊደል አስቆጥራለሁ። የፊተኛው ወንበር ለክቡርነትዎ ተጠብቋል፤ አቶ ታፈረን ይዘው መምጣት አያስፈልግም።