አዳራሹን ቆልፈው ወንበር ለሰጡን ኃላፊ

ለተከበሩ የመኖሪያ ሕንፃችን አስተዳደር ኃላፊ፣
ከተቀመጡበት፤

ክቡርነትዎ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም ከወንበር ጋር ብዙ ዘመን የተወዳጀው ጀርባዎ ደህና ናቸውን? እኛ በዕድሜ የገፋን የሕንፃው ነዋሪዎች፣ እርስዎ ባዘዙልን መሠረት ቁጭ ብለን ደህና ነን። እኔ ጡረታ የወጣሁ ልብስ ሰፊ ነኝ። አርባ ዓመት የስፌት መኪና ላይ አቀርቅሬ ጎብጬ፣ ቀና ማለት የጀመርኩት በዚያው እርስዎ በቆለፉት አዳራሽ ውስጥ ስለሆነ፣ ምስጋናዬን በአደባባይ ባላቀርብ ህሊናዬ አይፈቅድልኝም።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ላለፉት አራት ዓመታት በየማለዳው ሃያ ያህል ሽማግሌና አሮጊት ምድር ቤት ባለው አዳራሽ እየተሰበሰብን ሰውነታችንን እናፍታታ ነበር። አሰልጣኝ አልነበረንም፤ የነበረን ፊሽካው እያልን የምንጠራው ጡረተኛ ትራፊክ ፖሊስ ነው። ፊሽካው ስለ ስፖርት የሚያውቀው ነገር ስለሌለ የሚያውቀውን አስተማረን፤ የቀኙን አቁሙ፣ የግራውን አሳልፉ፣ ዙሩ፣ እጅ ወደ ላይ። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት በሌለ መንገድ ላይ የሌለ መኪና ስናስተናግድ እንቆያለን። ከዚያ የቀድሞዋ ልብስ አጣቢ ተራዋ ይደርስና የሌለ አንሶላ እንጠመዝዛለን። ቀጥሎ የቀድሞው ግድግዳ ለሳኝ ይመጣና ከወለሉ ጎንበስ እያልን የሌለ ጭቃ እያነሳን፣ የሌለ ግድግዳ እስከ ጣሪያው እንለስናለን። የሚያየን ይስቅብን ነበር፤ እኛም እንስቅ ነበር። በአራት ዓመት ውስጥ ግን ከመካከላችን ወድቆ የተሰበረ አንድም ሰው የለም።

ከሦስት ወር በፊት ክቡርነትዎ መጥተው አዳራሹን ቆለፉና፣ የተዘጋው አረጋውያን እንዳይወድቁ ሲባል መሆኑን የሚገልጽ ማስታወቂያ በሩ ላይ ለጠፉ። ምስጋናችን እንደሚከተለው ነው።

1ኛ. ስለ አዘኔታዎ። አዛኝ ቅቤ አንጓች የሚሉ ምላሰኞች በሕንፃው ውስጥ አልጠፉም፤ እኔ ግን ኧረ ተዉ እያልኩ እገስጻቸዋለሁ። ሰው እንዳይወድቅ ፍቱን መድኃኒቱ እንዳይነሳ ማድረግ መሆኑን የደረሰበት ሌላ ኃላፊ በዕድሜዬ አላየሁም።

2ኛ. ስለ ወንበሮቹ። በመግቢያው ላይ ያስደረደሩልን አሥራ ሁለት ወንበሮች እጅግ ምቹ ናቸው፤ ችግራቸው የገባባቸውን አለመልቀቃቸው ብቻ ነው። ሰባ ስምንት ዓመት የሞላው ለሳኙ ባለፈው ማክሰኞ ከአንዱ የወጣው ሁለት ሰው ግራና ቀኝ እጁን ጎትቶት ነው፤ እሱም ወደ ላይ ሲወጣ በሕይወቴ እንዲህ ያለ ጉድጓድ ቆፍሬ አላውቅም እያለ ነበር። ወንበሮቹን ሲያስረክቡን እረፉ፣ ደክማችኋል ብለውን ነበር። ያኔ አልደከመንም ነበር፤ ይኸው ቃልዎ መሬት ጠብ አላለም።

3ኛ. ስለ ፈቃዱ። አዳራሹን መጠቀም የሚሻ አረጋዊ አራተኛ ፎቅ ካለው ቢሮዎ ራሱ በአካል ቀርቦ ቅጽ እንዲሞላ አዘዋል፤ ሊፍቱ ከተበላሸ ዓመት ሊሞላው ነው። ፊሽካው፣ ልብስ አጣቢዋና እኔ በየፎቁ እየተነፈስን ወጣን። ጸሐፊዎም አራት ፎቅ የወጣ ሰው እንቅስቃሴ እንደማያስፈልገው፣ መውጣት ያቃተው ደግሞ ቢንቀሳቀስ አደጋ እንደሚደርስበት በትሕትና አስረድተው ሸኙን። እንዲህ ያለ ወለም ዘለም የማይል መመሪያ የጻፈው እጅ ይባረክ።

4ኛ. ስለ ባለቤቴ። ባለቤቴ ሰባ አንድ ዓመቷ ነው፤ ዕድሜዋን ሙሉ በቤተ መጻሕፍት ስትሠራ ከላይኛው መደርደሪያ መጽሐፍ ለማውረድ ማንንም ለምና አታውቅም። ከአምስት ዓመት በፊት ግራ ጎኗን ደም ግፊት መትቷት እጇ ተንጠልጥሎ ቀረ። ፊሽካው የግራውን አሳልፊ፣ ግድ የለም በትንሹ አሳልፊ እያለ፣ መጀመሪያ ጣቷን፣ ከዚያ ክንዷን አስነሳት። በሁለተኛው ዓመት ፀጉሯን ራሷ አበጠረች፤ ያን ቀን እኔ በር ዘግቼ አልቅሻለሁ። አሁን ሦስት ወር ቤት ተቀምጣ እጇ ተመልሶ ከብዷታል፤ ከሦስተኛ ፎቅ ደረጃ መውረድ ትፈራለች። እቤት አብረን እንሥራ ብላት፣ ለሁለት ሰው ተብሎ መንገድ አይዘጋም ብላ እምቢ አለችኝ። ባለፈው ሳምንት ጫማዋን ላደርግላት ጎንበስ ስል፣ ተወው፣ የት ልሄድ ነው አለችኝ። ክቡርነትዎ፣ እዚህ ላይ ማሾፉ አቃተኝ። ተናድጃለሁ። ከመናደዴ ይልቅ ደግሞ ፈርቻለሁ።

ስለዚህ የምንለምነው አንድ ቁልፍ ነው። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ማውረድ ያስቸግራል ይባላልና፣ ክቡርነትዎን ማስቸገር አንፈልግም፤ ቁልፉን በመስኮት ቢወረውሩልን እንቀልበዋለን። ካልሆነ ከመጪው ሰኞ ጀምሮ በሥራ መግቢያ ሰዓት እርስዎ በሚወጡበት ደረጃ ላይ ተሰልፈን እንሠራለን። ፊሽካው ማንን አቁሞ ማንን እንደሚያሳልፍ ያውቅበታል።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለዕድሜዎም የሚታጠፍ ጉልበት እየተመኘሁ፣ ወገቤ እስከፈቀደልኝ ድረስ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፤

የሦስተኛ ፎቅ ነዋሪ፣ ጡረተኛው ልብስ ሰፊ

ማስታወሻ፦ ማስታወቂያውን በለጠፉ ዕለት ሊፈርሙበት ሲሉ ብዕርዎ አምልጦዎት ወደቀ። ብዕሩን አዩት፣ እኛን አዩን፣ መልሰው ብዕሩን አዩት፤ መጎንበሱ ግን አልሆነልዎትም። ጎንበስ ብላ አንስታ በሁለት እጇ ያቀበለችዎ ባለቤቴ ነበረች። በዚያው ብዕር ፈረሙ። ከእንግዲህ ጠበቅ አድርገው ይያዙት፤ ዳግመኛ ቢወድቅብዎ በዚህ ሕንፃ ውስጥ የሚያነሳልዎ ሰው አላስቀሩም።