ከወራሞ የመጡ ሦስት ጥሪዎች

አዋሳ፣ ኅዳር 24 ቀን 1980 ዓ.ም.

ውድ ታቢታ፣

ይህን የምጽፍልሽ እኔ ሸዋዬ ነኝ። ስሜን ስታዪ ወረቀቱን ቀደሽ ብትጥዪው አልቀየምሽም፤ መቀየም የሚገባኝ ሰው እንዳልሆንኩ አውቃለሁ። ግን እስከ መጨረሻው ብታነቢው እወዳለሁ። በዚያ ሐሙስ በወራሞ በኩል የሆነውን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ። በአዋሳ በኩል የሆነውን ግን ሙሉውን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ እስከ ዛሬም ለማንም ሙሉውን አልተናገርኩም።

ድምፅሽን መጀመሪያ የሰማሁት ኅዳር 1978 ነው። ከዚያ በፊት ወራሞ የሚባል መንደር በስልክ ማዞሪያችን ላይ አልነበረም። ገበሬዎቹ ከየእንሰት ማሳቸው ተነስተው ሜዳው ላይ በመስመር ጎጆ እንዲሠሩ ሲደረግ፣ ክሊኒክ፣ ወፍጮ፣ ንጹሕ ውሃና ስልክ ይገባላችኋል ተብለው ነበር። ስልኩ ቀድሞ ገባ። ወራሞና ሌሎች አምስት አዳዲስ መንደሮች በአንድ ሽቦ ተያያዙ፤ ሽቦው መጥቶ የሚያልቀው እኔ ፊት ነው። በእኔ እጅ ሳያልፍ ከእናንተ አንድ ቃል አዋሳ አይደርስም ነበር።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መስመሩን እፈትሻለሁ። «ይሰማል?» ስል ሌሎቹ መንደሮች «ይሰማል» ብለው ይዘጋሉ። የወራሞዋ ጤና ረዳት አንቺ ግን ከክሊኒኩ ስልክ «ይሰማል እህቴ፣ ደህና አደርሽ ወይ? ሐይቁስ እንዴት አደረ?» ትዪኝ ነበር። መልስ እንዳላጣልሽ ብዬ ከመናኸሪያ ሰፈር ወደ ሥራ ስመጣ በሐይቁ ዳር ዞሬ መምጣት ጀመርኩ። ይህን አልነገርኩሽም።

የውሃው ፓምፕ በሁለተኛው ወር ተበላሸ። ወፍጮው ጭራሽ አልመጣም። «ሸዋዬ፣ ዛሬም ያችን የፓምፕ ጎማ ጠይቂልኝ» ትዪኛለሽ፤ እኔም ቢሮ ለቢሮ እየደወልኩ እጠይቃለሁ። «በዕቅድ ተይዟል» ይሉኛል። ያንኑ ስነግርሽ አንድ ቀን «እንግዲያው ልጆቹ ዕቅዱን ይጠጡት?» አልሽ። እንዲህ ያለ ነገር መስመር ላይ መናገር እንደሚያስፈራ ሁለታችንም እናውቃለን፤ ግን ሳቅን። ደግሞ ያቺን ቅቤ ይዛ የመጣችውን አሮጊት ታስታውሻለሽ? ልጇ ወታደር ነው፣ አሥመራ ነው። «ስንት ቁጥር ልደውል?» ብዬ ብጠይቅ፣ አንቺ ተርጉመሽ ስትነግሪያት «ምን ቁጥር አለው፣ ልጄ ነው እኮ» አለች። አይቻልም ብለሽ ለመመለስ አልጨከንሽም። ከስልኩ አጠገብ ወንበር ሰጥተሽ ሻይ አጠጥተሽ ሸኘሻት።

ቤተ ክርስቲያናችሁ ከታሸገ ወዲህ የምትዘምሪው ክሊኒኩን ስትጠርጊ ብቻ እንደሆነ ነግረሽኛል። እኔ ደግሞ ለእናቴ እንኳ ያላወራሁትን ላንቺ አውርቻለሁ። ፊትሽን አላውቀውም ነበር። ከፋሲካ በኋላ አዋሳ መጥተሽ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ዓሣ ልጋብዝሽ ተቀጣጥረን ነበር።

መጋቢት 17 ቀን 1979፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ደወልሽ። ድምፅሽ ረጋ ያለ ነበር። «ጫልቱ የምትባል የኩማ ሚስት ከትናንት ጀምሮ ምጥ ላይ ናት። የሕፃኑ እጅ ቀድሞ ወጥቷል። እዚህ ላዋልዳት አልችልም፣ መኪና ላኪልኝ» አልሽኝ። የበሽተኛ ማመላለሻዋ መኪና ወዳለችበት ደወልኩ። ሾፌሩ ምሳ ወጥቷል፣ ስምንት ሰዓት ላይ ደውይ አሉኝ። ይህንኑ ነገርኩሽ። «ስምንት ሰዓት ላይ እነግረዋለሁ፣ መኪናው ይመጣል» አልኩሽ። «ተባረኪ» ብለሽ ዘጋሽ።

ለስምንት ሰዓት አሥር ደቂቃ ሲቀረው ጓድ ሽበሺ ገባ። የመንደር ምሥረታውን ዘመቻ ሪፖርት የሚሰበስበው እሱ ነበር። ሪፖርቱ ሌላ ጊዜ የሚመጣው ዓርብ ነው፤ በዚያ ቀን ግን ድንገት ስብሰባ ተጠርቶ ኖሮ ቁጥሩ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት መድረስ ነበረበት። ወንበር ስቦ ከኋላዬ ተቀመጠ። «ይህ መስመር እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ለሪፖርት ብቻ ነው። አንቺ ቁጥሩን ትቀጃለሽ። ሌላ ጥሪ አታስተናግጂም፣ ወደ ሌላም አትደውይም» አለኝ።

«ጓድ፣ ከወራሞ አንድ ጉዳይ ነበር» አልኩት።

«ወራሞ ተራው ሲደርስ ጉዳዩን ይናገራል።»

አለቃችን ጋሽ ገብረጻድቅ በሩ ላይ ቆመው ነበር። እሳቸውን አየሁ፤ እሳቸው ወለሉን አዩ። ምጥ የምትለዋን ቃል አልተናገርኩም፤ አፌ ላይ ደርሳ መለስኳት። ሾፌሩን ለማግኘት አንድ ደቂቃ ይበቃኝ ነበር። ገመዱን ሰክቶ «ወራሞ ሂድ» ማለት ብቻ ነው። ከዓመት በፊት ፀሐይ የምትባል ባልደረባችን የስብሰባ ጥሪ አቋርጣ ሁለት ወር ታስራለች፤ እሷ ትዝ አለችኝ። የማሳድገው ልጅ የለኝም፣ የሚራብብኝ ቤተሰብ የለኝም። ፈራሁ። ሌላ ምክንያት ብፈልግ አላገኘሁም።

ስምንት ሰዓት ከሃያ ላይ አንዱ መንደር የፈረሰውንና የተሠራውን ጎጆ ብዛት ሲያስቀዳኝ አንቺ መሐል ገባሽ። «ሸዋዬ፣ መኪናው ተነሣ ወይ? ደም እየፈሰሳት ነው።» ሽበሺ የእኔን እንጂ የአንቺን ድምፅ አይሰማም፤ የጆሮ ማዳመጫው እኔ ላይ ነው። የዚያኛው መንደር ጸሐፊ ግን ሰምቷል፤ ንባቡን አቋረጠ። እኔ ምን እንዳልኩሽ ታስታውሻለሽ። «ወራሞ፣ ሪፖርት ላይ ነን፣ መስመሩን ልቀቂ።» እህቴ አላልኩሽም፣ በስምሽም አልጠራሁሽም። «ምንድን ነው?» አለኝ ሽበሺ። «ምንም አይደለም ጓድ፣ ተራዋ መስሏት ነው» አልኩት። ጸሐፊውም ቁጥሩን ቀጠለ።

ሦስተኛውን ጥሪ አንቺ አታውቂውም ይሆናል። ከሕመምተኛዋ አጠገብ ነበርሽ። ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ላይ አንድ ሰው የክሊኒኩን ስልክ እጀታ ደጋግሞ አዞረ። «እህቴ» አለኝ። «ኩማ ነኝ። ሚስቴ... መኪና... እህቴ።» አማርኛው አላስኬድ አለው። «ጠብቅ» አልኩት። «እሺ» አለኝ።

ታቢታ፣ ጠበቀ። መነጋገሪያውን አልዘጋውም። ቁጥሩን ስቀዳ ከሥሩ ትንፋሹ ይሰማኝ ነበር። ሰባ ሁለት ጎጆ፣ ትንፋሹ፣ አርባ ስድስት ጎጆ፣ ትንፋሹ። ግማሽ ሰዓት ያህል እንዲሁ ቆየ። መቼም ሰው ስልክ ይዞ «ጠብቅ» ከተባለ በዚያኛው ጫፍ አንድ ሰው አንድ ነገር እያደረገ ነው ብሎ ያስባል እንጂ ሌላ ምን ያስባል? ከዚያ ከሩቅ የሴቶች ጩኸት ሰማሁ። መነጋገሪያው ጠረጴዛው ላይ ሲወድቅ ሰማሁ። እኔ የሚቀጥለውን ቁጥር ጻፍኩ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሽበሺ ወረቀቱን ይዞ ሄደ፤ ለሾፌሩ ደወልኩ። «ከስምንት ሰዓት ጀምሮ እኮ እዚሁ ቁጭ ብያለሁ» አለኝ። መኪናው ቆሞ ነበር። ዝናብ ጥሎ መንገዱ ጭቃ ስለነበር ሊመሽ ሲል ነው የደረሰላችሁ። የሚጭነው ሕመምተኛ እንዳልነበረ አንቺ ታውቂያለሽ፤ እናቲቱም ልጁም አልፈው ነበር።

ከዚያ በኋላ የወራሞ ሰዎች «ለስልኩ ብለን ማሳችንን ለቀቅን፣ ስልኩ ምን አደረገልን?» ማለት ጀመሩ አሉ። ተራው የደረሰው የሚቀጥለው ጎጥ ሰዎችም ከማሳችን አንነሣም አሉ። ጥፋተኛ መገኘት ነበረበት። ሽበሺ የተጻፈ ወረቀት ይዞልኝ መጣ። «በዕለቱ ከወራሞ ከሪፖርቱ ውጪ ምንም ጥሪ አልመጣም» ይላል። ሦስቱን ጥሪዎች በየሰዓታቸው የመዘገብኩባቸው ወረቀቶች መሳቢያዬ ውስጥ ነበሩ። «እነሱ አያስፈልጉም፣ አስወግጃቸው» አለኝ። አላስወገድኳቸውም፤ አላወጣኋቸውም። ፈረምኩ።

መኪና ሳትጠሪ ሕመምተኛዋን ለሞት ዳርገሻል ተብለሽ በተጠየቅሽበት ቀን ወደ መርማሪ ኮሚቴው ክፍል ስገባ አግዳሚው ላይ አንዲት ቀጭን፣ ሻሽ ያሰረች ሴት ተቀምጣለች። አላወቅኩሽም። ሊቀመንበሩ ስሜን ጠራ፤ «አቤት» አልኩ። ያኔ ቀና ብለሽ አየሽኝ። ፈገግ አልሽ። «ሸዋዬ፣ አንቺ ነሽ?» አልሽኝ፤ ልክ ጠዋት ጠዋት እንደምትዪው። የምትመሰክርልሽ ሰው የመጣች መስሎሽ ነው። እኔ ወረቀቱን አነበብኩ። ሁለት መስመር ነበር። አንብቤ ስጨርስ ፊትሽን አላየሁም፤ ጫማሽን ነው ያየሁት፣ የወራሞ ጭቃ ደርቆበታል። «የምትዪው አለ?» ሲሉሽ «የለም» አልሽ። እኔን የሚያጋልጥ ነገር መናገር ትችዪ ነበር። ለምን እንዳልተናገርሽ ስምንት ወር ሙሉ አስቤ አላወቅኩትም።

በዚያ ወረቀት ስትታሰሪ ወህኒ ቤት ምግብ አምጥቼልሽ ነበር። ዘበኛው አገልግሉን እንደያዝኩት መለሰልኝ። «አላውቃትም ትላለች» አለኝ። እውነትሽን ነው። ሁለተኛ አልመጣሁም፤ መምጣት ነበረብኝ።

ተፈትተሽ ከሥራም ተባርረሽ ወዴት እንደሄድሽ ሳይታወቅ ሲቀር፣ ነሐሴ ላይ እውነቱን በሁለት ገጽ ጽፌ ለጋሽ ገብረጻድቅ ሰጠሁ። መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ አጥፈው እጄ ላይ መለሱልኝ። «ልጄ፣ ጉዳዩ ተዘግቷል። ሰውየውም ተሾሞ ሄዷል። እኔ ይህን ለማን ላስተላልፈው?» አሉኝ። ጡረታ ሊወጡ ሦስት ወር ነው የቀራቸው። በፖስታ ወደ ላይ ላክሁት። መልስ የለም። የሚያስረኝ እንኳ አላገኘሁም። ልታሰር ስፈራ ኖሬ፣ አሁን የምናገረውን የሚፈልገው ሰው የለም።

ባለፈው ሳምንት ወራሞ ሄድኩ። በአውቶቡስ እስከ አስፋልቱ መጨረሻ፣ ከዚያ በእግር። ክሊኒኩ ተቆልፏል፤ ካንቺ ወዲህ ሌላ ጤና ረዳት አልተመደበም። ስልኩን ነቅለው ለጉብኝት ወደ ተመረጠ ሌላ መንደር ወስደውታል። ከጎጆዎቹ ግማሾቹ ባዶ ናቸው፤ ሰዉ ማታ ማታ ጓዙን እየያዘ ወደ ድሮ ማሳው እየሸሸ ነው። ኩማን ያገኘሁት እንሰቱ ውስጥ ነው። የታቢታ ጓደኛ ነኝ አልኩት። ድምፄን ለይቶት እንደሆነ ግን ከፊቱ ላይ ምንም አላነበብኩም። ያለሽበትን ያውቃል።

«የት እንዳለች አልነግርሽም» አለኝ፣ አማርኛውን ቃል በቃል እየፈለገ። «ጻፊ፣ እኔ አደርሳለሁ።»

አመሰግናለሁ ብዬ ልነሣ ስል ያዘኝ። «ማንበብ አልችልም። ግን የማላውቀውን ነገር ለእሷ አልወስድም፤ ከዚህ በፊት በወረቀት ነው ያሰሯት። ቅዳሜ ለገበያ አዋሳ እመጣለሁ። መጀመሪያ ለእኔ አንብቢልኝ» አለኝ።

ዛሬ ዓርብ ነው። ነገ አራት ሰዓት ላይ መናኸሪያው በር አጠገብ ይጠብቀኛል። የሚገባው እንዲሆን ቀስ ብዬ አነብለታለሁ። የትንፋሹን ነገር ትቼ ልለፈው ብዬ ሁለት ጊዜ ያን ገጽ ደግሜ ጽፌዋለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ መልሼ አስገባሁት። ሲሰማ ምን እንደሚያደርግ አላውቅም። ይዞልሽ ከመጣ ሦስቱ የጥሪ ወረቀቶች ውስጡ አሉ፤ ሰዓታቸውም የእኔም ፊርማ አለባቸው፣ አንድ ቀን የሚጠይቅሽ ሰው ከመጣ ታሳዪዋለሽ። ካልደረሰሽ፣ እዚያው መናኸሪያ ላይ ኩማ ቀዶታል ማለት ነው፤ ለእሱም አልፈርድበትም።

ይቅር በዪኝ ብዬ አልጽፍም። ብትዪም አላምንሽም። በሕይወት ኑሪ።

የማዞሪያዋ ሸዋዬ