የሚስቴ ሣር

ሚያዝያ 3

ቀኑን ሙሉ የወይን ጠጅ በርሜል ሳጥብ ዋልኩ። እጣቢው ሚስቴ ባስቆፈረችው ቦይ ወርዶ፣ ቄጠማ በተተከለበት ኩሬ ውስጥ ተጣርቶ፣ ተመልሶ ወይኑን ያጠጣል። በመጥመቂያችን ውስጥ ሳያጉረመርም የሚሠራው ይሄ ውሃ ብቻ ነው።

እሷ ከመስከረም ጀምሮ የለችም። ከተራራው ማዶ፣ ትልቅ የወይን እርሻ ውስጥ፣ ያለ መርዝ ማልማትን እየሠራች ትማራለች። የእርሻችንን ግማሽ ለእኔ አደራ ሰጥታኝ ሄደች። የአረም መድኃኒት እንዳይነካው፤ በየመስመሩ መሃል የዘራችው ሣርና አበባ እንዲያድግ። ሌላው ግማሽ የአባቷ ነው። እንደ ተላጨ ራስ ያብረቀርቃል።

አማቴ ዛሬም አጥሩን ተደግፈው፣ «ልጄን ያስተማርኳት አረም እንድትዘራልኝ ነው?» አሉኝ።

«እኔ በርሜል አጣቢ ነኝ አባባ። አይመለከተኝም።»

«አግብተሃታል እኮ!»

እሱስ እውነት ነው።

ሚያዝያ 8

አልጋው ላይ አሁንም በእኔ በኩል ብቻ ነው የምተኛው። የእሷን ግማሽ ልክ እንደ እርሻዋ ሳልነካ ትቼዋለሁ… ሣር ማብቀል ብቻ ነው የቀረው።

ሚያዝያ 13

ደወለች።

«እዚህ ያለውን እርሻ በኃላፊነት ያዢልን አሉኝ። ሁለት ዓመት።»

«ምን አልሻቸው?»

«መጀመሪያ ቤቴን ልይ አልኩ። አንተስ ምን ትላለህ?»

«አስቢበት።»

አስቢበት! ያን ሁሉ መጽሐፍ አንብቤ፣ ከዚያ ሁሉ ቃል መርጬ ያወጣሁት ይሄን ነው? ነይ ማለት ምን ያንቃል?

በወሩ መጨረሻ ለሦስት ቀን ትመጣለች። እርሻውን አይታ ትወስናለች። እርሻውን… እግረ መንገዷን እኔንም ታየኝ ይሆናል።

ሚያዝያ 17

መጋረጃ አጠብኩ። ወለል ወለወልኩ። ከዚያ እርሻዋን አየሁት። ሣሩ ጉልበት ደርሷል፤ ነጩ አበባ ፈክቷል። እንግዳ እየመጣበት ያልተጠረገ ቤት መሰለኝ። ማጨጃውን አስነስቼ ከዳር እስከ ዳር አስተካከልኩት።

አማቴ እየሮጡ መጡ። ጀርባዬን ቸብ ቸብ አደረጉኝ። «አሁን እርሻ መሰለ! አሁን ሰው ሆንክ!»

እሳቸው ሲያመሰግኑኝ መጠርጠር ነበረብኝ።

ሚያዝያ 21

የወይኑ ቅጠል ነጭ ነጭ ነጠብጣብ አውጥቷል። ገልበጥ ሳደርገው… ዱቄት የተነፋበት የሚመስል ተባይ። እስከዛሬ ሣሩ ላይ እየበሉ የሚኖሩት ናቸው። ቤታቸውን ሳፈርስባቸው ወደ ፎቅ ወጡ። እነሱን የሚበሏቸው ጥንዚዛዎች ደግሞ አበባው ሲጠፋ አብረው ጠፉ።

ያበበ ሣር በአንዴ አይታጨድም። አንዱ መስመር ሲታጨድ ቀጥሎ ያለው ይቆያል። ነግራኛለች እኮ… እራት ላይ። እኔ አንገቷን እያየሁ ነበር።

አማቴ መርጫውን በጀርባቸው አዝለው ከተፍ አሉ። «አንድ ዙር ብቻ። እስክትመጣ ሽታው ይጠፋል።»

«አንዴ ከተረጨ የእስከዛሬው ልፋቷ ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው፣ አባባ።»

«እንዲህ ሆኖ ካየችው ደግሞ አትመለስም! አንተን ብቻ የናፈቀችህ መሰለህ?»

ለካ እሳቸውም…

መርጫውን ከጀርባቸው አወረድኩላቸው። ሁለታችንም ቆመን አየነው። ከዚያ ደውዬ ማጨዴን ነገርኳት።

«ሁሉንም?» አለች።

«ሁሉንም።»

«አብቦ እያለ?»

«አምሮ እንዲታይሽ ብዬ…»

«አንተ ሰውዬ፣ እኔ አምሮ የሚታይ ነገር ብወድ ኖሮ አንተን አገባ ነበር?»

እንዲህ ደስ ያለኝ ስድብ አላስታውስም።

«እንዳትረጩ» አለች። «ነገ እመጣለሁ።»

ሚያዝያ 26

መጥታ ሄደች። ሦስቱንም ቀን ቅጠል ስትገለብጥ ከረመች። አባቷ ባልዲ ይዘው ከኋላዋ፤ እኔ ከእሳቸው ኋላ። የባሰበትን ቅጠል ለቅመን አወጣን፤ አንዱን መስመር እየዘለልን አበባ ዘራን። የዘንድሮው ፍሬ ግማሹ ቢተርፍ ነው አለች። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

አውቶቡሱ ላይ ከወጣች በኋላ፣ በመስኮቱ፣ «ነይ» አልኳት።

«አሁን? ሞተር ከተነሳ በኋላ?»

«አሁን ነው የመጣልኝ።»

«የሚቀጥለውን አዝመራ አስገብቼላቸው እመጣለሁ። ሁለት ዓመት አይሆንም እላቸዋለሁ። አንድ አዝመራ ግን ያስፈልገኛል።»

አዝመራ ሩቅ ነው። ወይን እንደሆነ አይቸኩልም።

ግንቦት 19

አበባው በቅሏል። ጥንዚዛዎቹ አንድ ሁለት እያሉ እየተመለሱ ነው። አማቴ ከራሳቸው ግማሽ ዳር ያለውን መስመር ሳይረጩ ትተውታል። «መድኃኒቱ አልቆብኝ ነው» አሉ። ሙሉ ጄሪካኑን ከኋላቸው እያየሁ፣ ያሳዝናል አልኳቸው።

ከሰዓት ደወልኩላት።

«ምን ሆነ? ደግሞ ምን አጨድክ?»

«ምንም። ነይ።»

«እመጣለሁ አልኩህ እኮ።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን ትደውላለህ?»

«ልምምድ ነው።»

እዚያ በኩል ነፋሱ ቅጠሉን ሲያንሿሿው ይሰማል…

«እስቲ እንደገና» አለች።